«እሺ» የማይባልበት ቤት

አቶ ሶፎንያስ ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ቆይተው ወሳኙ ቦታ ላይ ሲደርሱ «ቆይ፣ አንዴ ጠብቂኝ» አሉና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ደረጃው ወጡ። እህታቸው ነገ ለቅሶ ቤት አብረዋት እንዲሄዱ ነው የጠየቀቻቸው። መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏ ግን ቤት ውስጥ አትባልም።

ደረጃው ላይ መቆሚያ አልነበረም። የፎቁ ነዋሪ ግማሹ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ግድግዳውን ተደግፏል። «እሺ፣ እሺ በቃ፣ እሺ» ይላል አንዱ። «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ እሺ» ትላለች ሌላዋ። አንድ ጎልማሳና ሚስቱ ሊፍቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት ይስማማሉ። አቶ ሶፎንያስ ጥግ ይዘው «እሺ፣ እንሄዳለን» አሉ፤ ቤት ከገቡ በኋላ አምልጦ እንዳይወጣቸውም የተረፈውን «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እዚያው አራግፈው ተመለሱ።

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በአዳማ ከተማ የሚኖር ጨዋ ቤተሰብ እንዲህ ነው የሚኖረው። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ በሕዝብ ድል ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የፊልም ማጫወቻ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱን አፕዴት ማድረግ አመል ሆኖበት ነበር። (ማጫወቻውን ሰዉ ዛሬም «ዴክ» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ዴክ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ግን የለም።) ልጅቷ ልትሳም ስትል ፊልሙ ቀጥ ይላል፤ «እየተሻሻልኩ ነው፣ ይታገሱ» ይላል፤ ተመልካቹ ታግሶ ታግሶ ይተኛል። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሕግ ወጣ። ከእንግዲህ ባለቤቱ በገዛ አንደበቱ ካልፈቀደ ምንም ማሻሻያ አይጫንም ተባለ። ኩባንያው ሕጉን በደስታ ተቀበለ። ባለሙያ ቀጠረ፣ ጥናት አስጠና፣ አማርኛ ተናጋሪ ፈቃዱን የሚሰጠው «እሺ» ብሎ እንደሆነ አረጋገጠ።

«እሺ» ሌላም ብዙ ነገር እንደሆነ ለባለሙያዎቹ የነገራቸው የለም። «እሺ» ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው። ወሬህን ቀጥል ማለት ነው፤ ወሬህን አቁም ማለትም ነው። ነገ ማለት ነው፤ መቼም አይሆንም ማለትም ነው። ሕጉ በወጣ በሳምንቱ አገሩ በሙሉ ሳያስበው ተሻሻለ። ማሻሻያ መከልከል የሚፈልግ ደግሞ «እምቢ» ማለት አለበት። «እስቲ እናያለን»፣ «ዛሬ እንኳ ይቅር»፣ «እግዜር ያውቃል» አይቆጠሩም። «እምቢ»ን ሲመርጥ ግን ኩባንያው የአገር ሰው ሳያማክር አልቀረም፤ ሰው ፊት እምቢ የሚል ጨዋ እንደሌለ አውቋል።

ስለዚህ ሰዉ ቃሏን ከቤት አወጣት። ሽማግሌ የተላከበት አባት ልጁን የሚሰጠው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆነ። «እሺ» አልክ ተብሎ የሚቆነጠጥ ልጅም በዚህ አገር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ዘመን ነው።

እርግጥ ነው፣ ማሻሻያዎቹ ጥቅም የላቸውም ማለት ነውር ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ፊልሙ የቆመበትን ቦታ የማይረሳው በእነሱ ነው። ዝናብ የዘነበበት የሚመስል አሮጌ ፊልም ዛሬ ጥርት ብሎ ይታያል። ዘግይቶ ለገባ እንግዳም ዴኩ ራሱ ያለፈውን በሁለት ቃል ይተርክለታል፤ ቀድሞ ይህን የምትሠራው የቤቱ እመቤት ነበረች፣ ለራሷ ሳታይ። ችግሩ ዴኩ አንድ ነገር ሲሰጥ አንድ ነገር ይዞ መሄዱ ነው። ለጤና ሲባል ሲጋራው ሁሉ እስክሪብቶ ተደረገ፤ ወንበዴው አሁን እስክሪብቶውን በክብሪት ለኩሶ ጭሱን ይተፋል። ቢራው ወተት ሆነ፤ ሰካራሙ ወተቱን ጨብጦ ይንገዳገዳል። ለተመልካች መንፈስ ሲባል ደግሞ ጀግናው በጥይት ይሞትበት የነበረው ፊልም ተስተካክሎ ጀግናው ጉንፋን ይይዘዋል። እናቱ ግን ያንኑ የድሮውን ለቅሶ ነው የምታለቅሰው፤ ደረቷን እየደቃች።

አቶ ሶፎንያስ ይህን ሁሉ ችለው ነበር። ያልቻሉት አሥራ አንደኛውን ማሻሻያ ነው። ለምን እንዳልቻሉ ለማወቅ ግን ፊልማቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዕድሜያቸውን በሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊልም ሠርተዋል። ዋናው ተዋናይ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሚወዳትን ልጅ ይጠብቃል፤ አስተናጋጁ ይመጣል፤ ተዋናዩ «አንድ ማኪያቶ» ይላል፤ አስተናጋጁ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይሄዳል። አስተናጋጁ ሶፎንያስ ናቸው። ፊታቸው ሲመጡ ይታያል፤ ሲናገሩ ግን ካሜራው ከጀርባቸው ነው። የተጻፈላቸው «እሺ» ብቻ ነበር፤ «ጌታዬ»ን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ «ማን ጨምር አለህ?» ብሎ ተቆጥቶ፣ ሊመሽበት ስለነበር ተወው። አቶ ሶፎንያስ ይህን ሲያወሩ «ዳይሬክተሩ ወደደልኝ» ነው የሚሉት።

በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ከምሳ በኋላ ጎረቤት ጠርተው ፊልሙን ያሳያሉ። የእሳቸው ቦታ ሲደርስ ሰዉ ያጨበጭባል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልዳናም አብረው ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የፊልሙን ክፍል ማን እንደሚያየው እንጃ፤ አቶ ሶፎንያስ ግን አያዩትም፤ ስለ «ጌታዬ» ያስረዳሉ።

የአሥራ አንደኛውን ወሬ ያመጡት የጎን ጎረቤታቸው አቶ ናሆም ናቸው። እሳቸው በእንቅልፍ ልባቸው «እሺ» ብለው ነው የተሻሻሉት።

«ሰው ያጠፋል» አሉ ገና ከመግባታቸው። «ለታሪኩ የማይጠቅመውን ሰው ሁሉ ጠርጎ ያወጣዋል። የሰርግ ፊልም ከፈትኩልህ፣ ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው ያሉት! ሚዜ የለ፣ አጃቢ የለ። ያ ሁሉ ምግብ ተደርድሯል፣ የሚበላው የለም። ገበያ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ትከራከራለች። ከማን ጋር እንደሆነ እንጃላት።»

«ሻይ ቤትስ?» አሉ አቶ ሶፎንያስ ቀስ ብለው።

«ሻይ ቤትማ ብርጭቆው ራሱ ነው የሚመጣልህ! ጎበዝ ነው፣ ጠብ አያደርግም።»

አቶ ሶፎንያስ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሺ» በቤታቸው ውስጥ እንዳትሰማ አደረጉ። ዴኩ ጥጉ ላይ ብርቱካንማ መብራቱን አብርቶ ፈቃድ ይጠብቃል፤ እሳቸው አፋቸውን ይጠብቃሉ። ሰው ምሳ ቀረበ ሲላቸው ዝም ብለው ይነሳሉ። ደህና እደሩ ሲባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጆቻቸው በስልክ «አባዬ ተቆጥቶናል» ተባባሉ።

ወይዘሮ ኤልዳና ደግሞ አሥራ አንደኛውን በጉጉት ነበር የሚጠብቁት። በልጅነታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖቹ መሀል ሲሠሩ ጆሯቸው ሄዷል። ካረጁ በኋላ ያገኙት የጆሮ መሣሪያ ፊት ለፊት ለሚያወራ ሰው ደህና ነው፤ ከዴኩ ጋር ግን አይነጋገርም። የመሣሪያው ኩባንያና የዴኩ ኩባንያ ተኳርፈዋል። አሥራ አንደኛው አስታርቋቸው፣ የፊልሙ ድምፅ በቀጥታ ጆሯቸው ውስጥ እንደሚገባ በጽሑፍ ተነግሯል። ፈቃዱን ራሳቸው ሰጥተው እንዳይገላገሉ ዴኩ የሚያውቀው የባለቤታቸውን ድምፅ ብቻ ነው። የእሳቸውን ድምፅ ለመመዝገብ ዴኩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥያቄውን የሚጠይቀው በድምፅ ነው፤ እሳቸው አይሰሙትም። አቤቱታ ሲያቀርቡ ችግሩ በሚቀጥለው ማሻሻያ እንደሚፈታ ተነገራቸው።

«ለምን አትልለትም?» አሉ አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሱ።

«ምኑን?»

«ያቺን ቃል ነዋ። ድምፁ ጆሮ ውስጥ ይገባል ይላል እኮ።»

«አዲስ ነገር አይመቸኝም።»

«የባለፈው ጊዜስ? ‹ጥርት አለ፣ ተባረኩ› ስትል አልነበር?»

«ኋላ ይደርሳል፣ ኤልዱ።»

«ለኔ ጆሮ ኋላ የሚባል የለውም» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። ቁጣ የለበትም፤ ጎመናቸውንም መቀንጠስ አላቆሙም።

አቶ ሶፎንያስ እውነቱን መናገር ይችሉ ነበር። ግን ምን ብለው? ያ ሁሉ ዓመት «ያለ እኔ እኮ ያ ፊልም አይቆምም» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ተነስተው «ዴኩ ለታሪኩ የማልጠቅም መሆኔን ደርሶብኛል» ይበሉ? አፈሩ። ሚስታቸውን ከፊልም ድምፅ መከልከላቸውንም ያውቁታል፤ በዚያም አፈሩ። ሁለት እፍረት ተሸክመው እስከ እንቁጣጣሽ ደረሱ።

በእንቁጣጣሽ ዕለት በር ላይ ቆመው እንግዳ ተቀበሉ። እንግዶቹን የፈሩት «እሺ» ስለሚሉ አይደለም፤ «እሺ» ስለሚያስብሉ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ፤ ግቡ፤ ዛሬ ግን ማንም ምንም እንዳይጠይቀኝ» አሉ። አቶ ናሆም ከነባለቤታቸው፣ ሦስት አራት ጎረቤቶችም ገብተው ተቀመጡ። ዶሮው ተበላ። ጨው የፈለገ ራሱ ተነስቶ አመጣ። ከዚያ ፊልሙ ተከፈተ።

አቶ ሶፎንያስ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ተቀመጡ። ዋናው ተዋናይ ሻይ ቤት ገባ። ቀጭኑ ሶፎንያስ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጥሎ መጣ፤ ሰዉ ገና ከአሁኑ ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጀ። «አንድ ማኪያቶ» አለ ተዋናዩ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ቀጭኑ ሶፎንያስ።

ፊልሙ ቀጥ አለ። ብርቱካንማው መብራት አረንጓዴ ሆነ። «ፈቃድዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» አለ ዴኩ።

«አላልኩም!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ አቶ ሶፎንያስ። «አፌን ይዤ አይደለም እንዴ የተቀመጥኩት? ናሆም፣ መስክር!»

«ይዘሃል» አሉ አቶ ናሆም። «ያኛው ነው ያለው። ቀጭኑ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴክ ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ እንዳይሰማ ተደርጎ ነበር የሚሠራው። በአሥረኛው ማሻሻያ ግን አንድ ጥቅም ተጨምሮለት ነበር፤ የባለቤቱን ድምፅ ከየትም ይምጣ ከየት ለይቶ ያውቃል። አቶ ሶፎንያስ ያን ጊዜ ለጎረቤት ሁሉ አሞግሰውታል።

የኩባንያውን ረዳት ጠሩ። ማር የሆነ የሴት ድምፅ ከዴኩ ውስጥ ወጣ። ሰው ትሁን ማሽን ማንም አያውቅም፤ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

«እኔ አልፈቀድኩም» አሉ አቶ ሶፎንያስ።

«መዝገባችን ላይ ያለው የእርስዎ ድምፅ ነው፣ አባታችን።»

«ፊልም ነው! ልጅ ሆኜ የተቀረፅኩት ነው! ያልኩትም ለሰውየው ነው፤ ማኪያቶ ላዘዘው!»

«ሕጉ ባለቤቱ በገዛ አንደበቱ ይፍቀድ ይላል እንጂ በስንት ዓመቱ፣ ለማን አይልም። በነገራችን ላይ ‹ጌታዬ› ስላሉን ኩባንያው የከበረ ምስጋናውን ያቀርባል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለን ደንበኛ የለም።»

አቶ ሶፎንያስ ያቺን ቃል ከጨመሩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጨመራቸው ተፀፀቱ።

«መሰረዝ ይፈልጋሉ?» አለ ማሩ ድምፅ። «ከፈለጉ አሁኑኑ ‹እምቢ› ይበሉ። እየጠበቅንዎት ነው።»

እንግዶቹ እንዳይታዘቧቸው ብለው ሁሉም ወደ ጣራው አዩ። አቶ ሶፎንያስ ግን ለዛሬ ጨዋነትን ሊጥሉት ቆርጠዋል። የእንግዳ ነገር አልያዛቸውም፤ ደረታቸውን ነፍተው አፋቸውን ከፈቱ።

ያኔ ወይዘሮ ኤልዳናን አዩአቸው። እሳቸው ከረዳቷ ንግግር አንዲቷንም ቃል አልሰሙም፤ ባለቤታቸውም የጮሁት ፊታቸውን ወደሳቸው ሳያዞሩ ነው። ዴኩ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ብቻ ነው ያነበቡት። ከመቀመጫቸው ተነስተው ግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው ፈክቷል።

«ሊጭነው ነው?» አሉ። «እውነት? ፈቀድክለት?»

አቶ ሶፎንያስ እምቢታቸውን ዋጡት። ከእሱ ጋር አብሮ ቀጭኑ ሶፎንያስ እየወረደ እንደሆነም ያውቁታል።

«አዎ» አሉ ፊታቸውን ወደሳቸው አዙረው፣ ቃሉን በደንብ አድርገው። «እንኳን አደረሰሽ።»

ወይዘሮ ኤልዳና እንግዳ ሁሉ እያየ ጉንጫቸውን ሳሟቸው። ይህ በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም።

ዴኩ ራሱን ሲያሻሽል ሰዉ ዳቦ ቆርሶ በላ። ሲጨርስ «ተሻሽያለሁ» አለ፤ ወይዘሮ ኤልዳናም ጆሯቸውን ይዘው እልል አሉ። «ሰማሁት! ‹ተሻሽያለሁ› አለ! እንዴት ያለ ቀብራራ ነው!»

«እንግዲያው ሙዚቃ ያለበት ደህና ፊልም እንክፈትልሽ» አሉ አቶ ሶፎንያስ ፈጠን ብለው።

«ምን ሲደረግ? መጀመሪያ ያንተን።»

«እሱን እኮ አሁን አየነው።»

«ያንተን አልኩ!»

ተከፈተ። ወይዘሮ ኤልዳና የማንኪያውን ድምፅ ሰሙ። የወንበሩን መንቋቋት ሰሙ። ዋናው ተዋናይ ሲተነፍስ ሰምተው «ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ» አሉና ሰዉን አሳቁት። ሻይ ቤቱ ባዶ ነው፤ በፊት በየጠረጴዛው የነበረው ሰው ሁሉ የለም። ተዋናዩ ቀና ብሎ ለባዶው አየር «አንድ ማኪያቶ» አለ። «እሺ ጌታዬ» የሚለው የለም። ከዚያ ማኪያቶው በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«አልነገርኳችሁም?» አሉ አቶ ናሆም። «ጠብ አላለችም!» ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሸሟቸው።

ወይዘሮ ኤልዳና ጆሯቸው ላይ ያለውን እጃቸውን አላነሱም። ትንሽ ጠበቁ። ልጅቷ ገብታ ከተዋናዩ ፊት ለፊት ስትቀመጥ ዞር አሉ።

«አንተስ?»

«የለሁበትም።»

«እንዴት የለህበትም?»

«ለታሪኩ አትጠቅምም ተብዬ ነዋ።» አቶ ሶፎንያስ ሳቁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

«አንብቤው ነበር እኮ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «አላፊ አግዳሚውን መስሎኝ! አንተን ይመለከታል ብዬ በምን ላስብ?» ከዚያ ነገሩ ገባቸው። «ለዚህ ነበር እምቢ ያልከው?»

«አንቺ ድምፁን ፈለግሽ። ምን ላድርግ?»

«የቱን ድምፅ እንደፈለግኩ ታውቃለህ?» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ተናደዋልም። «ስንጋባ ጆሮዬ ሄዶ ነበር። መሣሪያውን ሳገኝ ደግሞ አርጅተሃል። የወጣትነት ድምፅህን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። በዓለም ላይ ያለው እዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ጀርባህን ትሰጠኛለህ፣ ከንፈርህ እንኳ አይታይም።»

«ታጨበጭቢ ነበር እኮ!»

«ሰዉ ሲያጨበጭብ አጨበጭባለኋ! ታዲያ ላሳፍርህ?»

እንግዶቹ አንድ ባንድ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ አቶ ናሆም ግን ነገሩ የት እንደሚደርስ ሳያዩ አልነሳም ብለው ተቀመጡ። ዴኩ ላይ ተዋናዩ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ ያመጣለትን አላመሰገነም።

ከዚያ አቶ ሶፎንያስ ገበታው ላይ የነበረውን ፎጣ አንስተው ክንዳቸው ላይ ጣሉት። መሀል ቤት ድረስ ሄደው ተመለሱ። ጉልበታቸው ቋ አለ። ከሚስታቸው ፊት ለፊት፣ ከንፈራቸው በደንብ እንዲታይ ብርሃኑ ውስጥ ቆሙ። ዴኩ ይስማ አይስማ ግድ አልነበራቸውም። ጉሮሯቸውን ጠርገው የድሮውን ድምፃቸውን ፈለጉ፤ የወጣው ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«እሺ፣ እመቤቴ።»

ወይዘሮ ኤልዳና እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ።

«አልሰማሁም፤ ድገመው» አሉ። ደህና አድርገው ሰምተውታል።